እርዳታ ከስብከት በኋላ ይሁን? በፍቅር ሥራ ስለሚገለጥ እምነት የተደረገ ውይይት

ባለአደራ (ጥያቄውን ያቀረበው)

የተወደዳችሁ የመድረኩ አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በቤተ ክርስቲያናችን የበጎ አድራጎት ክፍል ውስጥ አገለግላለሁ። ክፍሉ ለችግረኛ ቤተሰቦች በየወሩ እህልና ልብስ ያድላል፤ ከሚመጡት መካከል የእኛ ምእመናን ያልሆኑ ብዙዎች ናቸው፣ የሌላ እምነት ተከታዮችም አሉ። በቅርቡ በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀረበ። እርዳታው የሚታደለው ስብከት ከተሰማ በኋላ ይሁን፣ ስብከቱን ያልተከታተለ ሰውም የዚያን ወር ድርሻ አይውሰድ የሚል ነው። ሐሳቡን ያመጡት ወንድሞችና እኅቶች ለዓመታት በትጋት ያገለገሉ ናቸው፤ «ሥጋቸውን አጥግበን ነፍሳቸውን እንደተራበች ከሰደድናት ምን ጠቀምናቸው?» ብለው የጠየቁትም ከልባቸው ነው። ስለዚህ በጥሩ ልብ የቀረበውን ሐሳብ በጥሩ ልብ መመርመር እንዳለብኝ ይሰማኛል።

እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ላይ ጌታ በፍርድ ቀን በቀኙ የሚያቆማቸው ሰዎች የተራበውን ያበሉ፣ የተጠማውን ያጠጡ፣ እንግዳውን የተቀበሉ፣ የታረዘውን ያለበሱ፣ የታመመውንና የታሰረውን የጠየቁ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሲመሰገኑ ይደነግጣሉ፤ «ጌታ ሆይ፣ ተርበህ አይተን መቼ አበላንህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያበሉት ሰው ተርቦ ስላዩት ብቻ ነበር፤ በሥራቸው ሊያገኙት ያሰቡት ሌላ ነገር አልነበረም። ታዲያ እኛ እህሉን ለስብከት መግቢያ ዋጋ ካደረግነው ያ እህል የፍቅር ሥራ ሆኖ ይቀራል ወይስ ሌላ ነገር ይሆናል? የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

---

ዘቃል

ወንድም ባለአደራ፣ ጥያቄዎን በጥንቃቄ ስላቀረቡ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ሐሳቡን ካቀረቡት ሰዎች ጋር እስማማለሁ፤ ምክንያቴንም ልግለጽ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 10 ላይ ያለ ሰባኪ እንዴት ይሰማሉ ብሎ ይጠይቃል። እህል ማደል መንግሥትም፣ የእርዳታ ድርጅትም፣ እግዚአብሔርን የማያምን ደግ ሰውም የሚያደርገው ነገር ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የተሰጠው ግን ወንጌሉ ነው። ጌታችንም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ እረኛ እንደሌላቸው በጎች ለሆኑት ሕዝብ ሲያዝን መጀመሪያ ያደረገው ማስተማር ነበር፤ እንጀራውና ዓሣው የመጣው ቀኑ ከመሸ በኋላ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ደግሞ በማግሥቱ ፈልገው ያገኙትን ሰዎች፣ የፈለጋችሁኝ እንጀራ በልታችሁ ስለጠገባችሁ ነው ብሎ ገሥጿቸዋል። ከዚህ የምረዳው እንጀራው ያለ ቃሉ ሰውን ወደ ሕይወት እንደማያደርስ ነው። ተረጂዎቹ ለጥቂት ደቂቃዎች ተቀምጠው ቃሉን ቢሰሙ ምን ይጎዳቸዋል?

---

የታሪክ ተማሪ

ወንድም ዘቃል ያነሡትን ክፍል እኔም አንብቤዋለሁ፤ ቅደም ተከተሉ እርስዎ እንዳሉት ነው። ይሁን እንጂ ያንኑ ታሪክ ከአንድ ቁጥር ወደ ታች ብንወርድ ሌላ ነገር እናገኛለን። ሕዝቡ ሊሰማ የመጣው ስለ ምግብ ምንም ሳይነገረው ነበር። ምግብ እንዳይሰጥ፣ ሕዝቡም ተበትኖ ራሱ እንዲገዛ ያሳሰቡት ደቀ መዛሙርት ናቸው፤ ጌታ ግን «እናንተ የሚበሉትን ስጡአቸው» አለ። በሣር ላይ ከተቀመጡት አምስት ሺህ ወንዶች መካከል ትምህርቱን የተቀበለው ማን እንደሆነ፣ ዘግይቶ የደረሰውም ማን እንደሆነ አልተጠየቀም፤ «ሁሉም በልተው ጠገቡ» ነው የሚለው። በዮሐንስ ወንጌል ያለው ተግሣጽም የተነገረው ከበሉ በኋላ ነው፣ ተግሣጹን ሰምተው ከተመለሱት መካከልም እንጀራውን እንዲመልስ የተጠየቀ የለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ላይ ከዐሥሩ ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው አንድ ብቻ ነበር፣ እርሱም ሳምራዊ ነው። ጌታ ዘጠኙ የት አሉ ብሎ ጠየቀ እንጂ የዘጠኙን ፈውስ አልነጠቀም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስንሻገር ጥያቄው አዲስ እንዳልሆነ እናያለን። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለሮማው ንጉሠ ነገሥት በጻፈው የመከላከያ ጽሑፍ፣ በእሑድ ጉባኤ ፍጻሜ ላይ ሀብት ያለው ሰው የወደደውን ያህል እንደሚሰጥ፣ የተሰበሰበውም በጉባኤው መሪ ዘንድ ተቀምጦ ለወላጅ አልባ ልጆች፣ ለመበለቶች፣ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ለተቸገሩ፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች እንደሚውል ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ251 አካባቢ የሮም ጳጳስ የነበረው ቆርኔሌዎስ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ደግሞ የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ከ1,500 በላይ መበለቶችንና ችግረኞችን ትመግብ እንደነበር እናነባለን። ይህ የሆነው ክርስትና ገና በሕግ ባልታወቀበትና በሚሳደድበት ዘመን መሆኑን ልብ በሉልኝ።

በዚያው በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላቅ ወረርሽኝ በሮም ግዛት ሁሉ ተስፋፍቶ ነበር። የእስክንድርያው ዲዮናስዮስ የጻፈውንና የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ያቆየልንን ደብዳቤ ያነበበ ሰው የዘመኑን ፍርሃት ይረዳል፤ ሰዎች የታመሙ ዘመዶቻቸውን ገና ሳይሞቱ ወደ መንገድ ይጥሉ ነበር፣ ከክርስቲያኖቹ መካከል ግን ካህናት፣ ዲያቆናትና ምእመናን በሽተኞችን ሲያስታምሙ በሽታው ተላልፎባቸው ሞተዋል። በካርታጎ ደግሞ ጳጳሱ ቆጵርያኖስ ምእመናኑን ሰብስቦ፣ የራሳችንን ሰዎች ብቻ መርዳት የሚያስደንቅ ነገር የለውም፣ ለጠላቶቻችንም መልካም ልናደርግ ይገባናል ብሎ እንዳስተማራቸው የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ዲያቆን ይነግረናል። እነዚያ ጠላቶች ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በንጉሠ ነገሥት ዳክዮስ አዋጅ ክርስቲያኖችን ያሳደዱ ነበሩ።

ወደ ጥያቄው እምብርት የሚያደርሰን ምስክር ግን ከጠላት ወገን የመጣ ነው። ክርስትናን ክዶ የጣዖት አምልኮን ሊያንሰራራ የተነሣው ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ፣ እ.ኤ.አ. በ362 ገደማ ለገላትያው የጣዖት ሊቀ ካህን ለአርሳክዮስ በላከው ደብዳቤ፣ ገሊላውያን (ክርስቲያኖችን የሚጠራው በዚህ ስም ነበር) የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ጭምር ይረዳሉ፣ የእኛ ሰዎች ከእኛ እርዳታ እንደማያገኙ ግን ሁሉም ያያል ብሎ በምሬት ጽፏል። ይህንንም ለመቀልበስ በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠራ አዘዘ፣ ለገላትያም በየዓመቱ 30,000 ሞዲዮስ (የሮማውያን የእህል መስፈሪያ) ስንዴ መደበ። ዩልያኖስ በደብዳቤው የከሰሳቸው ለእንግዶች ደግ በመሆናቸውና ሙታንን በመቅበራቸው ሰውን ይስባሉ ብሎ ነው። እንግዲህ ፍቅሩ ራሱ ስብከት ሆኖ ነበር፤ የሃይማኖት ልዩነት ሳያደርግ ለሁሉም በመዳረሱም ኃይል አገኘ። አስገዳጅ ሁኔታ ቢታከልበት ኖሮ ከዩልያኖስ የስንዴ ድልድል የሚለየው ነገር በጣም ያንስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

---

ስሜ ይቆይ

እኔ የምጽፈው ከሌላው ወገን ሆኜ ነው። ባለቤቴ ባረፈ ጊዜ ልጆቼን ይዤ እርዳታ ተሰልፌ አውቃለሁ፤ የቱ ጋ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ወንድም ዘቃል፣ ለጥቂት ደቂቃዎች መቀመጥ ምን ይጎዳል ብለው ጠይቀዋልና ልመልስልዎ። እኔ ከዚያ በፊትም አማኝ ነበርሁ፣ ቃሉን መስማትም እወድ ነበር። በዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን ቃሉን መስማት አልቻልሁም፤ ዓይኔ በሩ አጠገብ በተደረደረው ከረጢት ላይ ነበር። ሰባኪው «አሜን» በሉ ሲል ሁላችንም አሜን አልን፤ ማናችን ከልብ እንዳልን እርሱም ሊያውቅ አይችልም፣ እኛም አናውቅም። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የሌላ እምነት ተከታይ ነበረች፤ ልጇ እንዳይራብ ስትል ያላመነችውን ቃል ስትደግም ፊቷን አይቻለሁ። ያቺ ሴት ስለ ክርስቶስ ምን ተማረች ብዬ እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

ከዚያም በኋላ ከረጢቱን እንደያዝን ፎቶግራፍ አነሡን። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም፣ እኛም እንቢ ለማለት አልደፈርንም።

ሌላም ጊዜ ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ማታ ቤቴ መጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ ያመጡትን አስቀምጠው፣ ልጆቹን ስመው ሄዱ። ስለ ሃይማኖት ያሉት ነገር ቢኖር ሲወጡ «እግዚአብሔር ያበርታሽ» ያሉት ብቻ ነው። ደጋግመው መጡ። ከጊዜ በኋላ እኔው ራሴ እርስዎ የሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን የት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

---

ነርሷ

እኅቴ ሆይ፣ ይህን ስለጻፉልን እግዚአብሔር ያክብርልን።

እኔ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በአልጋ ላይ ያለ ሰው ራሱን ችሎ መዞርም ሆነ መታጠብ አይችልም፣ ተነሥቶ መሄድም አይችልም፤ እንዲህ ላለ ሰው ሳይጠይቀኝ ብሰብከው የነጻነቱን የመጨረሻ ቅሪት እወስድበታለሁ። የማደርገው ቁስሉን ስጠርግ እንዳያመው መጠንቀቅ፣ ስሙን መጥራትና ቤተሰቡ በሌለበት ሰዓት እጁን መያዝ ነው። የጴጥሮስ የመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 3 በእናንተ ስላለ ተስፋ ምክንያትን ለሚጠይቋችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጃችሁ ሁኑ፣ ይህንም በየዋህነትና በፍርሃት አድርጉት ይላል። ለሚጠይቁ ሲል ጥያቄው ከእነርሱ እንደሚመጣ ያሳያል። ይመጣልም፤ በሌሊት ተራ ላይ ብዙ ጊዜ ተጠይቄአለሁ፣ ያን ጊዜ ደግሞ ዝም ማለት ስንፍና ነው።

---

ዘቃል

የሁላችሁንም መልስ አነበብሁ፤ በተለይ «ስሜ ይቆይ» የጻፉትን ደጋግሜ አነበብሁት፤ እርዳታው በስብከት መገኘት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ከእንግዲህ አልከራከርለትም።

የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር ግን አልተመለሰም። ፍቅሩ ራሱ ስብከት ነው የሚለው አነጋገር ቀስ በቀስ እምነትን ወደ መልካም ሥራ ብቻ እንዳይለውጠው እፈራለሁ። ወደ ኤፌሶን ሰዎች በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ጸጋው በእምነት አድኖአችኋል፣ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም ተብሎአል። ስለ ክርስቶስ መስቀል አንድም ቀን ሳንናገር እህል እያደልን ብንኖር፣ የሚድኑት በበጎ አድራጎታቸው ነው የሚል ትምህርት በሥራችን እያስተማርን አይሆንም?

---

ባለአደራ

ይህ ጥያቄ ታላላቅ መምህራንን ያስጨነቀ ነው። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1522 ባሳተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉም መቅድም ላይ የያዕቆብን መልእክት ከሌሎቹ ጋር ሲያነጻጽር የገለባ መልእክት ብሎት እንደነበር ይታወቃል። ያው ሉተር ግን ለሮሜ መልእክት በጻፈው መቅድም እምነት ሕያውና የማያርፍ ነገር መሆኑን፣ መልካም ሥራ ይደረግ እንደሆነ ሳይጠይቅ አስቀድሞ አድርጎት እንደሚገኝ ጽፏል። ከብዙ መቶ ዓመታት ክርክር በኋላም የሉተራውያን የዓለም ኅብረትና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1999 በአውግስቡርግ በፈረሙት የጋራ መግለጫ፣ ሰው የሚጸድቀው በጸጋ እንደሆነ፣ መልካም ሥራም የዚያ ጽድቅ ፍሬ እንደሆነ በአንድነት መስክረዋል።

እርስዎ የጠቀሱት የኤፌሶን ክፍልም በቁጥር 9 አያበቃም፤ ቁጥር 10 መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን ይላል። ገላትያ 5 ደግሞ የሚጠቅመውን ነገር «በፍቅር የሚሠራ እምነት» ብሎ ይጠራዋል። ያዕቆብ የተቃወመው ልብስና የዕለት ምግብ ያጡትን ወንድምና እኅት «በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡም» ብሎ በባዶ እጃቸው የሚያሰናብተውን ሰው ነው። ያ ሰው የተናገረው ቃል በራሱ መልካም ምኞት ነው፤ የጎደለው ለአካል የሚያስፈልገው ነገር ነው። ስለዚህ ስለ መስቀሉ እንናገር፤ በጉባኤያችን፣ በቤታችን፣ ለጠየቀንም ሁሉ እንናገር። እህል ለመውሰድ የተሰለፈ ሰው ፊት የምንናገረው ከሆነ ግን ለመሄድ ነጻ መሆኑን አውቆ ይስማን።

---

ገንዘብ ያዥ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ልብን የሚነካ ነው፤ እኔ ግን በሒሳብ መዝገብ ፊት ለብዙ ዓመታት ስለተቀመጥሁ ርኅራኄ ሥርዓት ካጣ ምን እንደሚሆን ማንሣት እፈልጋለሁ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ የአስተዳደር ቀውስ የተነሣው በዕለታዊ የምግብ እደላ ነው፤ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት መበለቶች ችላ ተብለው ነበር። ሐዋርያት ያደረጉት ፍቅር ይኑራችሁ ብሎ መምከር ብቻ አይደለም፤ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው፣ በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አዘዙ። የሰባቱም ስሞች የግሪክ ስሞች ናቸው፤ ከዚህ ተነሥተን የተበደለው ወገን እደላውን እንዲመራ አደራ ተሰጠው ለማለት እንችላለን። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የሚሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ ማንም እንዳይነቅፈው ተጠንቅቆ ሌሎች ወንድሞች አብረውት እንዲጓዙ ማድረጉን ይናገራል።

ተረጂውን የመለየት ጉዳይም አለ። ሊሠራ የማይወድ አይብላ የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ተሰሎንቄ ላይ የተነገረው መሥራት ለማይወዱት ነው፣ ሥራ ላጣ ወይም መሥራት ላልቻለ ሰው አይደለም። ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር ባስተማረው ትምህርት የድሃው ብቸኛ ማመልከቻ ችግሩ ነው ይላል፤ ምጽዋት ሰጪውንም መርከባቸው የተሰበረባቸውን ሁሉ፣ ክፉም ሆኑ ደግ፣ ሳይለይ ከሚቀበል ወደብ ጋር ያመሳስለዋል። ከእርሱ ቀደም ብሎ ታላቁ ባስልዮስ በቂሳርያ ከተማ ዳር ያቋቋመው የድሆች፣ የእንግዶችና የሕሙማን መንደር ደግሞ ማደሪያና ሐኪሞች ነበሩት፤ ወዳጁ ጎርጎርዮስ በቀብር ንግግሩ አዲሲቱ ከተማ ብሎ የጠራት ያችን ናት። ባስልዮስ ለምጽ የያዛቸውን በገዛ እጁ ይንከባከብ ነበር፣ ግን ሥራውን በዕለት ስሜት ላይ ብቻ አልጣለውም።

ስለዚህ ለወንድም ባለአደራ የምመክረው፣ መስፈርቱ ችግሩ ብቻ ይሁን፣ መዝገቡ ይጠንቀቅ፣ ከተረጂዎቹም መካከል በኮሚቴው ውስጥ የሚቀመጡ ይኑሩ።

---

ስሜ ይቆይ

ይህ የመጨረሻው ምክር ይፈጸም ዘንድ እለምናለሁ። የተቸገረ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል፤ ማን ጠይቆት?

---

ባለአደራ

ከእናንተ የተቀበልሁትን ይዤ ለሚቀጥለው ስብሰባ የጽሑፍ ሐሳብ አዘጋጅቻለሁ። እደላው በጉባኤ መገኘትን አይጠይቅም፤ ስብከቱ በሌላ ሰዓት ይሆናል፣ ለመጡት ሁሉም ግብዣው በግልጽ ይነገራል። ሰልፉ ይቀርና እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚመጣበት ሰዓት ይሰጠዋል፣ መራመድ ለማይችሉት በቤታቸው ይደርሳል። ከተረጂዎቹ መካከል ሁለት ሰዎች በእነርሱው ምርጫ ከኮሚቴው ጋር ይቀመጣሉ።

ተረጂዎችን ፎቶግራፍ ማንሣት ይቅር በሚለው ሐሳቤ ከአንዳንድ የኮሚቴ አባላት ተቃውሞ እንደሚገጥመኝ አውቃለሁ። መልካሙን ሥራችሁን አይተው በሰማያት ያለውን አባታችሁን እንዲያከብሩ ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ የሚለውን የማቴዎስ 5ን ቃል ይጠቅሳሉ፤ ረጂዎችም ገንዘባቸው የት እንደዋለ ማየት ይፈልጋሉ። ሆኖም በምዕራፍ 6 ያው ጌታ በፊታችሁ መለከት አታስነፉ፣ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ብሎአል። ሰዎች አይተው አብን የሚያከብሩት የረጂውን ሥራ ነው፣ የተረጂውን ፊት አይደለም። ጳውሎስም በቆሮንቶስ የጌታን እራት አስመልክቶ፣ አንዱ ሲራብ ሌላው የሚጠግብበትን ማዕድ ሲነቅፍ፣ ምንም የሌላቸውን ታሳፍራላችሁን ብሎ ጠይቋል። ለረጂዎቻችን የተሟላ የሒሳብ ሪፖርት፣ በገለልተኛ ሰው የተመረመረ፣ እናቀርባለን፤ የማንም ተረጂ ምስል ግን አይወጣም ብዬ እከራከራለሁ።

---

ዘቃል

ሐሳቡ ላይ አንድ ነገር ይጨመር እላለሁ። ግብዣው «በግልጽ ይነገራል» የሚለው በማን ይነገራል? እህሉን የሚሰጠው ሰው ከተናገረው፣ ነጻ ነህ ብንለውም ተቀባዩ ግዴታ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ የጉባኤው ሰዓት በሌላ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ የሚያድሉትም ካልተጠየቁ አያንሡት። ሊሰማ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ማስተማር ለሚችሉ አገልጋዮች ቦታና ጊዜ ይመደብላቸው፤ ይህኛው እንዳይረሳ አደራ እላለሁ፤ በአካባቢዬ ባለው አገልግሎት ይህን ክፍል ለመያዝ እኔም ፈቃደኛ ነኝ።

---

ገንዘብ ያዥ

በወንድም ዘቃል ማሻሻያ እስማማለሁ። የሒሳብ ሪፖርቱን ናሙና በግል መልእክት እልክልዎታለሁ፤ የተረጂዎች ስም በመለያ ቁጥር የሚተካበት ዓምድ አለው፣ ስሞቹ የሚገኙበት መዝገብም በሁለት ሰዎች ቁልፍ ብቻ ይከፈታል።